ያልታተመችው ገጽ

በሮቤ የክረምት ማታ ጉሙ ከሳነቴ በኩል ቀድሞ ይወርዳል። የባንኩ በር ተዘግቶ የዕለቱን ሂሳብ ስንዘጋ፣ ከዝምታው መካከል የሚሰማው የማተሚያው ጩኸት ብቻ ነበር። አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ የተሰጠኝ ኃላፊነት ቀላል ይመስል ነበር፤ በማተሚያው ወረፋ ላይ ከተሰለፉት ሪፖርቶች የሚፈለገውን ማሳተም፣ የማይፈለገውን መሰረዝ።

የምንሠራበት ማሽን መካከለኛ ከሚባሉት ኮምፒውተሮች ወገን ነበር፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ኤኤስ/400 ብሎ ካወጣው ዘር። በዚህ ማሽን ዘንድ እያንዳንዱ ሪፖርት ራሱን የቻለ ፋይል ነው። የባለቤቱን ስምና የገጹን ብዛት ይዞ፣ «ዝግጁ» ወይም «የተያዘ» እየተባለ ወረፋው ውስጥ ይቀመጣል። ወረፋው ማተሚያ እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ መደርደሪያ ይሆናል ማለት ነው። ሠራተኛው የፈለገውን ገጽ ብቻ ያሳትማል። ከሪፖርቱ ስም ፊት 5 ቢጽፍ ያነበዋል፤ 4 ቢጽፍና ቢያረጋግጥ ይሰርዘዋል። ማንበብና ማጥፋት ጎን ለጎን የተቀመጡ ቁልፎች ናቸው።

የሜይንፍሬሙ ልማድ ሌላ ነው። እዚያ ውጤቱ የሚታወቀው በወለደው ሥራ፣ «ጆብ» በሚሉት ስም ነው። ሥራው ሲያልቅ መልእክቱም ሪፖርቱም በፊደል በተሰየመ ምድብ ይመደባል፤ ይታተም ወይስ ይቆይ የሚለውን አስቀድሞ የወሰነው ምድቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ብቅ ያለው 1403 የተባለው ማተሚያ፣ ኋላ በመጣው ፈጣን ዓይነቱ፣ በደቂቃ 1,100 መስመር ያወርድ ነበር፤ በየመስመሩም እስከ 132 ፊደል። ኦፕሬተሩ የሥራው ስም በግዙፍ ፊደል የታተመበትን መለያ ገጽ እያየ ክምሩን ይቆርጥና ለየክፍሉ ያድላል። ወረቀቱ ማንም ሳይጠራው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እርግጥ ሜይንፍሬሙም ውጤትን ማቆየትና በስክሪን ማሳየት ይችላል፤ ልዩነቱ ከችሎታ ይልቅ በልማድ ነው። በአንደኛው ዘንድ መታተም የተቆረጠ ጉዳይ ነው፤ በሌላኛው ዘንድ በየማታው የአንድ የደከመው ሰው ፈቃድ ነው።

ያ የደከመው ሰው እኔ ነበርሁ።

ከሪፖርቶቹ መካከል ባለቤታቸው ያልተለየ ገንዘቦች የሚዘረዘሩባት አንዲት ገጽ ነበረች። አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ትመጣለች። ወረቀት ውድ ነውና፣ ሳላነባት 4 እያልሁ መሰረዝን ልማድ አደረግሁ።

አንድ አርሶ አደር አባት ልጃቸው ከሌላ ከተማ የላከችላቸውን የማዳበሪያ መግዣ ሊወስዱ መጡ። ስክሪኑን አየሁና «አልገባም አባቴ» አልኋቸው። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ደግሜ «አልገባም» አልሁ። በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸው የላከችበትን ደረሰኝ ይዘው መጡ። ስንመረምር ከሂሳብ ቁጥሩ አንዲት አኃዝ ተሳስታ ኖሯል፤ ገንዘቡም ባለቤቱ እስኪለይ በሚቆይበት ሂሳብ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ያችን ገጽ አሳትሜ ቢሆን ኖሮ፣ ስማቸው ከነገንዘቡ ልክ በእጄ ላይ ይወድቅ ነበር።

ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጣቸው የዘር ጊዜ አልፎ ነበር። ማሳቸውን ለዚያ ዓመት ለእኩል ሰጥተውታል። አልተቆጡም። በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ወረቀቱ ይህን ሁሉ ቀን የት ነበር?»

ምን ብዬ ልመልስ? አልጠፋም፣ አልተሰረቀም፤ ተወልዶ ሳይነበብ ሞቷል። የዌይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል፤ ግን በወዲያኛው በኩል ይወጣል። የእኔ ወረፋ መውጫውን የዘጋሁበት ዋሻ ነበር።

ግጥሞቼንም ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ «የተያዘ» ብዬ አኑሬአቸዋለሁ፤ በማቆየትና በማጥፋት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ግን ያስተማሩኝ እኒያ አባት ናቸው። ዛሬ ማሽኑም ተለውጧል፣ ሪፖርቱም በአብዛኛው በስክሪን ይነበባል። እኔ ግን ያችን ገጽ በየማታው አሳትማለሁ። ብዙ ጊዜ ባዶ ናት። ከላይ እስከ ታች አንብቤያት፣ ፈርሜባት፣ ከፋይሉ ውስጥ አኖራታለሁ።