እጁ ቀላል ነው

ሞጆ ውስጥ ለዓመታት ሰው ስወጋ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ግን መድኃኒት መሸጥ ነው፤ ድራጊስት ነኝ። የመድኃኒት መደብር መርፌ መውጊያ ቦታ እንዳልሆነ፣ በመርፌ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክም ሆነ ትራማዶል ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ እንደማይወርድ ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነገር ነው። ባለማወቅ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ዝም እል ነበር። እያወቅሁ ስለሆነ ነው የምናዘዘው።

ሞጆ የመንገድ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ ይገነጠልባታል፤ ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ደንበኞቼም ባብዛኛው የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው ነበሩ። የሹፌር ሕመም የታወቀ ነው፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ወገብ። ከወገብም ያ ከዳሌ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ወርዶ እስከ እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው። እነሱ «ነርቭ ነው» ይሉታል፤ ምርመራ የደረሳቸው ደግሞ «ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ» ይላሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ሥሮቹ ከታችኛው ወገብና ከዳሌ አጥንት መካከል ይወጣሉ፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ተቀዶ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ሲወጣ ከሥሮቹ አንዱን ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። ቦስተን የነበሩት ሐኪሞች ሚክስተርና ባር ይህንን በግልጽ አሳይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከዚያ በፊት ሰው ብርድ መታኝ ይል እንደነበረ ሁሉ ዛሬም ይላል።

የእኔ መላ አንድ ነበር፦ አንድ አምፑል ዳይክሎፌናክ፣ አንድ ዴክሳሜታሶን፣ ላዩ ላይ ቢ-ኮምፕሌክስ። ከመደርደሪያው ኋላ በመጋረጃ በከለልኳት ጠባብ ቦታ እወጋለሁ። ሰዉ በታመመው በኩል ካልተወጋ አይረካም፤ እኔም በታመመው በኩል እወጋለሁ። ያ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው በመቀመጫ ውስጥ ስለሆነ መርፌ ቦታውን ከሳተ እግርን አንጠልጥሎ ሊያስቀር እንደሚችል፣ ለዚህም ሲባል ከላይ በውጭ በኩል ካለው ሩብ እንዳይወጣ እንደሚታዘዝ አውቃለሁ። በዚህ በኩል እስካሁን የደረሰብኝ ነገር የለም። ዕድል ነው እንጂ ሙያ አይደለም።

«እጁ ቀላል ነው» ተባልኩ። ይህቺ ቃል ከደመወዝ በላይ ታስደስት ነበር። ገንዘቡም ነበረበት፤ የቤት ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፣ አጠገቤ ያለው መደብርም ይወጋል፣ እኔ ባልወጋ ደንበኛው ወደ እሱ ነው። በመርፌ የተሻለው ሰው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ራሴን አልጠየቅሁም።

ጋሼ የመጡት በዚህ ዝና ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ወደ ጅቡቲ ባለተሳቢ የሚነዱ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። ሕመሙ ግራ እግራቸው ላይ ነበር፤ ባስነጠሱ ቁጥር እስከ አውራ ጣታቸው ይነዝራቸዋል፣ ክላች መርገጥ ጭንቅ ሆኖባቸዋል። «ዶክተር፣ ይቺን እግር አንድ በልልኝ» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም አላልኳቸውም። ለማንም ብዬ አላውቅም።

መርፌው ሠራ። ሚሌ ድረስ ሕመም ሳይሰማቸው እንደነዱ ሲመለሱ ነገሩኝ፤ ከመንገድ የገዙትን ሐብሐብም ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ሞጆን ባለፉ ቁጥር መኪናቸውን አቁመው ይገባሉ። መርፌው የሚይዝበት ጊዜ እያጠረ ሲሄድ ትራማዶል ጨመርኩላቸው፤ ትራማዶሉ ሲሰለች ፕሪጋባሊን። ፕሪጋባሊን ለሳያቲክ ሕመም ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ እንዳልሠራ፣ ማዞሩ ግን እንደጨመረ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ይህንን ያነበብኩት በኋላ ነው። የሚያዞር መድኃኒት ለተሳቢ ሹፌር መስጠት ግን ጥናት ማንበብ የሚጠይቅ ስህተት አይደለም።

እረፍት ባላቸው ቀን ደግሞ ከአልጋ እንዳይነሱ፣ ጠጣር መሬት ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው እንዲውሉ እመክራቸው ነበር። እናቶቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሆላንድ ውስጥ ግን ይኸው ተፈትኖ፣ ለሁለት ሳምንት የአልጋ እረፍት ያደረጉትና እንደ አቅማቸው ሲንቀሳቀሱ የሰነበቱት ከ12 ሳምንት በኋላ እኩል 87 በመቶ ተሽሏቸው እንደተገኙ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። መተኛቱ የጨመረላቸው ነገር የለም። ጋሼ ምክሬን ሰምተው፣ ቤታቸው የሚያድሩባቸውን ጥቂት ቀናት ከልጆቻቸው ጋር ከመዋል ይልቅ ወለል ላይ ተዘርግተው አሳለፉ።

ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ማታ፣ ልዘጋ ስል መጡ። ሕመሙ ወደ ቀኝ እግራቸውም ተሻግሮ ነበር። «መቀመጫዬ ደነዘዘ፤ ስቀመጥ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ» አሉ፤ ሳቁም። እኔም ሳቅሁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሽንታቸው ቆመው ቆመው ጠብ እንደሚል ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ መደንዘዙ ከመቀመጥ ብዛት ነው» አልኳቸው። «ሽንቱ የዕድሜ ነው፤ ፕሮስቴት ይሆናል። ትራማዶሉም ትንሽ ያዘገየዋል።»

እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ እውነትነት አለው። ትራማዶል ሽንት ሊያስቸግር ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ ፕሮስቴትም ያለ ነገር ነው። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ ግን ስማቸው ሌላ ነው። ህብለ ሰረሰር የላይኛው ወገብ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች የሚወርደው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ነው፣ ሐኪሞች በላቲን የፈረስ ጭራ ብለው የሰየሙት። እግርን፣ ፊኛን፣ ፊንጢጣን፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካውን ገላ ሁሉ የሚያዙት እነዚያ ሥሮች ናቸው። ትልቅ የዲስክ ቁራጭ ጥቅሉን እንዳለ ከተጫነው ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ቶሎ በቀዶ ሕክምና መላቀቅ አለበት፣ በተቻለ መጠን ከ48 ሰዓት ሳያልፍ። ይህም በትምህርት ቤት ተነግሮኛል፤ አንድ ገጽ ነበረች። ያን ማታ ያቺን ገጽ አላስታወስኳትም። ያስታወስኩት የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ነው።

ወጋኋቸው። ሒሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ረዳታቸው ነው። አዋሽ ካደሩ በኋላ የእግራቸው ሕመም ጠፋ። ደስ አላቸው፤ የሞጆው ዶክተር መድኃኒት ዛሬ ገና ሠራ አሉ። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ መናገር ስላቆመ ነበር። በማግስቱ ግራ እግራቸው ክላቹን አልረግጥ አለ። ሽንታቸው ከነጭራሹ ዘጋ። መኪናውን ትተው በሰው መኪና እየተቀባበሉ አዲስ አበባ ደርሰው ኦፕራሲዮን እስኪሆኑ ድረስ ቀናት አልፈዋል።

ረዳቱ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው። በዚያው ዕለት፣ ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት፣ አዳማ አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄደው ነበር። ወጌሻው ዳሰሳቸው፣ ጠየቃቸው፣ ከዚያ እጁን አነሣና «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ግቡ» አላቸው። ሰውዬው ፊደል የቆጠረ አይመስለኝም። ጋሼ ግን «ሐኪም ቤት» ሲባሉ የታያቸው የእኔ መደብር ነው። እኔ ደግሞ ወጌሻ በሄደ ሰው ላይ ስቀልድ የኖርኩ ነኝ።

«ሰላም በልልኝ ብለዋል» አለኝ ረዳቱ ሊወጣ ሲል። «የሱ መርፌ ባይኖር ያን ያህል ጊዜስ መች እነዳ ነበር ብለዋል።»

አሜን አልኩ። ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ለረጅም ጊዜ አልተናገርኩም። ሌሎች ሹፌሮች ስለ ጋሼ ሲያነሱ «ዲስክ ክፉ ነው» እያልኩ አብሬ ከንፈሬን ስመጥ ነበር። ጥፋቴን በትክክል ልናዘዝ ካልኩ፣ ያን ማታ የሠራሁት ድንቁርናም ችኮላም ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ግን ምንም የሚቀላቀልበት ነገር የለውም።

በመጨረሻ አዳማ ቤታቸው ሄድኩ። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች አይነሣም፤ በፕላስቲክ ድጋፍ ይራመዳሉ። ሽንታቸውን ራሳቸው በቱቦ ያወጣሉ። መኪናው ተሽጧል። ሚስታቸው ቡና እያፈላች ሳለ ተናገርኩ፤ ሦስቱን ምልክቶች፣ የሰጠሁትን ሦስት መልስ፣ ዶክተር እንዳልሆንኩም።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «ያን ማታ ሐኪም ቤት ግባ ብትለኝ እገባ ነበር ብለህ ነው? ጭነት ነበረብኝ እኮ» አሉኝ።

ልይዘው እጄን የዘረጋሁበት ማጽናኛ ነበር። ሚስታቸው ከጀበናው ቀና ሳትል «እሱ ባይገባም አንተ መናገር ነበረብህ፣ ወንድሜ» አለች። ትክክል ናት። እሷ የተናገረችው ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከዚያ ወዲህ አልወጋም። ደንበኞቼ ወደ ጎረቤቴ ሄደዋል፤ ገቢዬ ቀንሷል። ለመመስገን አይደለም የምለው፤ መጀመሪያም የእኔ መሆን ያልነበረበት ገንዘብ ነው።

በሳያቲክ ሕመም የምትሰቃይ ሰው ይህንን ስታነብ እንዳትደነግጥ ደግሞ ሊነገርህ የሚገባ አለ። የጋሼ ዓይነቱ ጥቂት ነው። የአብዛኛው ሰው ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ የወጣውን የዲስክ ቁራጭ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። እኔ የሸጥኩት ብዙው እፎይታ ጊዜ በነጻ ይሰጠው የነበረ ነው። አንዲት አስተማሪ በቅርቡ መርፌ ፈልጋ መጥታ፣ ጠይቄ ጠይቄ አስጊ ምልክት ስላላገኘሁባት ወደ ሐኪምና ወደ ፊዚዮቴራፒ መራኋት። ተናደደችብኝ። እዚያ በሆዷ ተኝታ በክርኗ ቀና የምትልበትን እንቅስቃሴ አሳዩአት፤ አጫጭር የእግር መንገድ፣ ብዙ ሰዓት አለመቀመጥ፣ ከባድ ነገር ጎንበስ ብሎ አለማንሣት። ሕመሟ መጀመሪያ እግሯን ለቀቀ፣ ከዚያ ጭኗን፣ ወገቧ ላይ ብቻ ቀረ። ወደ ወገብ እየተሰበሰበ የሚመጣ ሕመም ጥሩ ምልክት ነው፤ ወገብ ቀልሎ ወደ እግር የሚወርደው ነው የሚያሳስበው።

ሳምንታት አልፈው ሕመሙ አልለቅ ላለው ደግሞ ኦፕራሲዮን አለ። «የወገብ ኦፕራሲዮን ሽባ ያደርጋል» የሚለውን ወሬ እኔም ለደንበኞቼ እደግመው ነበር፤ እሱም አንዱ ጥፋቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሆላንድ ጥናት 283 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑት የእግር ሕመማቸው ፈጥኖ እንደቀለለ፣ ዓመት ሲሞላ ግን ከጠበቁት ጋር እኩል እንደሆኑ አሳይቷል፤ ከጠበቁትም 39 በመቶው ኋላ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ስለዚህ ምርጫው ከሐኪም ጋር ተመክሮ የሚደረግ ነው። መጋረጃ ኋላ የሚወሰን አይደለም።

በየመንገዱ ከተማ መደብር የከፈታችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወገቤን ብሎ የመጣን ሰው መድኃኒት ከማውረዳችሁ በፊት ሽንቱን ጠይቁት፤ መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ደንዝዞት እንደሆነ፣ ሰገራው አምልጦት እንደሆነ፣ ሁለቱም እግሮቹ ዝለው እንደሆነ ጠይቁት። ሊያፍር ይችላል፤ እናንተ አትፈሩ። ከእነዚህ አንዱ ካለበት ምንም አትስጡት፤ ጭነቱም ይቁም፣ ያኑ ሌሊት ሆስፒታል ይግባ።