ኮምፒዩተርና አስማት

በተማሪ መጽሔት ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ስለ መኝታ ክፍሎች ጥበትና ስለ ፈተና መርሐ ግብር ብዙ ይጻፋል፤ ወደ ፊትም መጻፉ አይቀርም። ስለ ኮምፒዩተር ተማሪዎች ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። የሚወራብን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ሌሊቱን ከመሣሪያው ጋር ስንጨቃጨቅ እናድራለን የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ጠፈር መርከብና ስለ ጠንቋይ የሚያወሩ መጻሕፍት ከእጃችን አይለዩም የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሕግ የሚያጠና አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን «ቀን የሒሳብ ሰዎች ናችሁ፤ ማታ የተረት ልጆች ትሆናላችሁ፤ ለመሆኑ የትኛው ነው እውነተኛው መልካችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። በቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሁለቱ መልኮች አንድ መሆናቸውን ላስረዳው ስጀምር ሻዩ አለቀና ተለያየን። እንግዲህ መልሱን እዚህ ያንብበው።

አስቀድሜ ስለ ጭቅጭቁ ልናገር። ኮምፒዩተር ሰነፍ ሎሌ አይደለም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ታዛዥ ነው፤ መከራችንም የሚመጣው ከዚሁ ታዛዥነቱ ነው። የተባለውን ያደርጋል እንጂ የታሰበውን አያደርግም። አንድ የክፍላችን ልጅ ለቤተሰቡ በአማርኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ቆይቶ፣ የፊደሉን ገበታ ሳይመልስ ወደ ፕሮግራሙ ገባና በመስመሩ መዝጊያ ላይ በፈረንጁ ሰሚኮለን ፈንታ የእኛን ድርብ ሰረዝ አሳረፈ። ለደከመ ዓይን ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ለመሣሪያው ግን ከቶ አይተዋወቁም። መሣሪያው ጥፋት ያለበትን መስመር እየጠቆመ ይጮኻል፤ ልጁም መስመሩን እያየ ጥፋት አይታየውም። እንዲህ ሆነው እስከ እኩለ ሌሊት ተፋጠጡ። በዚህ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ ይህን ግን የሕግ ተማሪም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ጣጣ የሙያው ሰዎች ሁሉ በያሉበት አገር የሚጋሩት ነው። የእኛ ብቻ የሆነ ደግሞ አለ። ዘንድሮ አራት ሆነን የያዝነው የትምህርት ሥራ የመጻሕፍት ማውጫና የተዋሾች መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። በነፃ ከሚገኙት የውጭ አገር ፕሮግራሞች አንዱን አንሥተን ወደ አገራችን ወግ እንመልሰው አልን። ገና የመጀመሪያው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ጠየቀን፤ ሳይሞሉት አያሳልፍም። እኛ ዘንድ የአባት ስም አለ፣ የአያት ስም አለ፤ ቤተሰቡን ሁሉ የሚጠቀልል ስም ግን በልማዳችን የለም። የአያቴ ስም ለእኔ ሦስተኛ፣ ለአባቴ ሁለተኛ ነው፤ ልጅ ብወልድ ከሦስቱ ስሞቹ ውስጥ አይገባም። እናትና ልጅ በዚያ መዝገብ ላይ ባዕዳን ሆነው ይቀመጣሉ። ወልደ ገብርኤል የተባለ ሰው ከመጣ ደግሞ መሣሪያው ስሙን ከመካከሉ ቆርጦ «ወልደ»ን ለልጁ፣ «ገብርኤል»ን ለአባቱ ይሰጣል። ሰውየው ሳያውቀው የመልአክ ልጅ ሆኖ ይመዘገባል።

የልደት ቀኑም ነገር ከዚህ የተሻለ አይደለም። ከአራታችን አንዱ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ዋዜማ ዕለት። አገር ሙሉ ርችት የተኮሰው ለእርሱ ልደት ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ግን ከ12 የሚበልጥ ወር አልቀበልም አለ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ መልሱ አንድ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ብሎ ቢጽፍ ያልፋል፤ ልጁ ግን «እኔ የተወለድሁት በጳጉሜን ነው» ብሎ ቆመ። ደግሞም ይህች ስድስተኛዋ ቀን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትመጣ ስለ ሆነች፣ 13ኛውን ወር ብንጨምርለት እንኳ ቀኗን ለማስቆጠር ሌላ ሕግ መጻፍ ነበረብን፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች የሚል። ባለፈው የመጣችው በ2015 ነው፤ የምትከተለው በ2019 ናት።

ከሁሉ የከፋው ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንባቢ ሆይ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፤ ቀጥሎ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ ወይም በእነዚሁ በራብዓቸው። በትንሹ 12 ነው። «ኃይለ ሥላሴ»ን ብንቆጥር 24 ደረሰ፤ ሁለቱን ቃል ገጥሞ የሚጽፍ ሰው ሲጨመርበት 48። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ስም ነው፤ ለመሣሪያው 48 ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። መጽሐፍ ፈላጊው በአንዱ ፊደል ሲጠይቅ በሌላው የተመዘገበውን «የለም» ይለዋል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

እውነቱን ለመናገር ፊደላችን ወደዚህ ዓለም የገባው ዘግይቶ ነው። የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ የሚቈጥረው ዩኒኮድ የእኛን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ ለሀ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የባቢሎን ቋንቋ ይሆን ነበር። ዛሬም ቢሆን ወጪው አለ። የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ይፈጃል። በስልክ መልእክት 160 የላቲን ፊደል በሚላክበት ቦታ የእኛ ከ70 አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቈጠራል። አማርኛችንን በላቲን ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ይህን ያህል መብዛታችን በስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማታው ንባባችን ልለፍ። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው፤ ቃሉም በቋንቋቸው የግዴታ ሥራ፣ እኛ የጭሰኛ ሥራ እንደምንለው ያለ ማለት ነው። አይዛክ አሲሞቭ ደግሞ በ1942 ሮቦት ሊያፈርሳቸው የማይችል ሦስት ሕጎች ጻፈና ሕጎቹ ራሳቸው እንዴት ጣጣ እንደሚያመጡ በልዩ ልዩ አጫጭር ታሪኮች አሳየ። በአንዱ ታሪክ፣ ሜርኩሪ በተባለችው ዓለም ላይ ያለ ሮቦት ማዕድን እንዲያመጣ ይላካል። ትእዛዙ ላላ ተደርጎ ስለ ተሰጠው፣ «ታዘዝ» የሚለው ሕግና «ራስህን ጠብቅ» የሚለው ሕግ እኩል መዘኑበትና በማዕድኑ ኩሬ ዙሪያ እንደ ሰከረ ሰው ሲዞር ይገኛል። ይህን ያነበበ የታሪክ ተማሪ ይስቃል። የእኛ ክፍል ልጅ ግን አይስቅም፤ በዚያው ሳምንት የእርሱም ፕሮግራም በአንድ ቦታ ሲሽከረከር አድሯልና።

የጠፈር መርከቦች ውጊያ ብቻ ያለበትን መጽሐፍ በበኩሌ አልወድም፤ ርችት ነው። ከሳይንሱ ወገን ልቤን የነካው የአርተር ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ አጭር ታሪክ ነው። የቲቤት መነኮሳት የፈጣሪን ስሞች ሁሉ ጽፈው ለመጨረስ ተነሥተዋል፤ በእጅ ቢጽፉት 15,000 ዓመት የሚፈጅ ሆነባቸውና ኮምፒዩተር ተከራዩ። መሣሪያውን ሊያንቀሳቅሱ የሄዱት ባለሙያዎች በተራራው አናት ላይ ተሰላችተው፣ ወረቀቱ ሲወጣና መነኮሳቱ ሲለጥፉት እያዩ ቀን ይቈጥራሉ። መጨረሻውን አልነግርም። ነገር ግን ስምን በሙሉ የመዘርዘር ሥራ ለማሽን መሰጠቱን ያነበብሁት የፀሐይን 12 አጻጻፍ በቈጠርሁበት ሰሞን ስለ ነበር፣ ታሪኩ የእኛን ክፍል የሚያውቅ መሰለኝ።

የምትሐቱን ወገን ሕግ አጥኚው ወዳጄ «የአያቶች ተረት» እያለ ይንቀዋል። አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ጊን በ1968 ያሳተመችው የደሴቶች ጠንቋይ ታሪክ ግን ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ሙያዬን አስረድቶኛል። በዚያ ዓለም ጠንቋይ በትርን ስላወዛወዘ ነገር አይታዘዝለትም፤ የነገሩን እውነተኛ ስም ማወቅ አለበት። ተማሪዎቹ ወደ አንድ ብቸኛ ግንብ ይላኩና የስም ዝርዝር በቃል ሲያጠኑ ይከርማሉ፤ ቀለሙ እኩለ ሌሊት ላይ ከብራናው ይጠፋል። (ከፈተና በፊት ባለው ሌሊት የማስታወሻ ደብተሩን የገለጠ ሁሉ ይህን ብራና ያውቀዋል።) ሰውም በዚያ አገር ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የአደባባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሚያምኑት ብቻ የሚነገር ነው።

ይህ ሁሉ ለፈረንጅ አንባቢ ልዩ ፈጠራ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። «አስማት» የምንለው ቃል ራሱ በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቍጥር ነው፤ አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው። ደብተራው በክታቡ ላይ የሚደረድረውም ስሞችን ነው። አያቶቻችን የክርስትና ስማቸውን ለባዕድ ሰው የማይናገሩት ስምን የያዘ ሰውን ይይዛል ብለው ስለሚፈሩ ነበር፤ ዛሬ የይለፍ ቃል ብለን የምንደብቀውን እነርሱ በስም ደብቀውታል። ዐውደ ነገሥት የሚገልጠውም ሰው ቢሆን የባለጉዳዩንና የእናቱን ስም በቍጥር ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከቡን ይነግረዋል። በኮከቡ አላምንም። ስሌቱን ግን አውቀዋለሁ፤ እኛም አንድን ስም ከብዙ ሺህ መካከል ቶሎ ለማግኘት ፊደላቱን ወደ ቍጥር ለውጠን፣ አካፍለን፣ በቀሪው ሣጥኑን እናገኛለን።

የአገራችን ደራስያንም በዚህ መንገድ መሄድ ጀምረዋል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በመኝታ ክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሽፋኑ አልቋል። ጠንቋዩም ሳይንቲስቱም የእኛ ስም ያለው ሲሆን የንባቡ ጣዕም ይለያል።

ወደ መዝገባችን ልመለስ። ከአራታችን አንዱ «ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ እንለውጥና እንገላገል፤ ድምፁ አንድ ነው» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የቄስ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ተቈጣ። «በግእዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን ሌባ ያደርጋል። ሠርቀ ብርሃን የተባለውን ሰው የብርሃን ሌባ አድርጋችሁ ልትመዘግቡት ነው?» አለ። ሁለት ማታ ሙሉ ተከራከርን፤ እርሱም ረታ። አሁን እያንዳንዱ ስም ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ አንደኛው ባለቤቱ እንደ ጻፈው ያለ ለውጥ፣ ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላቱ ሁሉ ወደ አንድ ተጠቅልለው፣ ለፍለጋ ብቻ፣ ከማንም ዓይን ተሰውሮ። ይህን ሁለተኛውን የቄሱ ልጅ «የክርስትና ስሙ» ብሎ ስለ ጠራው በፕሮግራሙ ውስጥም በዚሁ መጠሪያ ገብቷል። ባለ ጳጉሜኑም ተመዝግቧል፤ ሦስት መጽሐፍ ወስዶ እስካሁን አልመለሰም።

የሞክሼዎቹ ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይታያል። ሀ፣ ሐና ኀ አልቀዋል፤ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ኸ ግን ከሀ ጋር ይግባ ወይስ ለብቻው ይቁም በሚለው ላይ ሁለት ለሁለት ተከፍለናል፤ ሐሙስ ማታ እንደገና እንሰበሰባለን።