ከበረዶው ሥር ያለው ቁጥር

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። በጀት አዘጋጅታችሁ፣ ሰንጠረዡን አሳምራችሁ ስብሰባ ላይ ስታቀርቡ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡት ኃላፊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ቁጥር ባይሳካስ?» ይላሉ። ቢዝነስ ስንማር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን ዘዴ ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ ብለው አስተምረውናል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ከግምቶቻችሁ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጉና የመጨረሻው ውጤት ምን ያህል እንደተነቃነቀ ታያላችሁ። ብዙ ያነቃነቀው ግምት፣ እንቅልፍ ሊነሳችሁ የሚገባው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ጫጫታ ነው።

እናቴ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳትረግጥ ይህን ታውቃለች። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲላት ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አትቀይርም። መጀመሪያ አብሲቱን ታስተካክላለች። ካልሆነ በሚቀጥለው ሊጥ እርሾውን፣ ከዚያ የምጣዱን ሙቀት። «ሁሉንም ከነካሽማ የቱ እንዳበላሸው በምን ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። በክረምት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ጀሞ ክረምት ላይ ከፉሪ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሊጡም ቶሎ አይነሳም። ያኔ እርሾውንና የምታቆይበትን ጊዜ አብራ ነው የምትቀይረው፤ ሁለቱ ተያይዘው እንደሚሠሩ ታውቃለችና። ይህችን የክረምት ብልሃቷን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከበረዶ ጋር ያስተዋወቀኝ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። አንድ ማታ ደውሎ፣ መንገድ ላይ በሬዲዮ የሰማውን ነገረኝ። የባሕር ውኃ ከፍ እያለ ነው፣ የዓለም በረዶ እየቀለጠ ነው። «አንቺ የተማርሽው፣» አለኝ፣ «ስንት ሜትር ነው የሚጨምረው? ወደቡ ይዋጣል ወይስ አይዋጥም?» ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የወንድሜ ብቻ አልነበረም። የምንበላው ዘይትም፣ የመኪናው ነዳጅም፣ የልጄ ደብተር ወረቀትም ያንን ባሕር ሳይረግጥ አይመጣም።

መልስ ፍለጋ ገባሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ዓለም ብክለቱን በጣም ከቀነሰ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 የባሕር ወለል ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር እንደሚችል ይናገራል። ብክለቱ እጅግ ከባሰ ደግሞ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር። ከዚያ በታች አንድ አስደንጋጭ ማሳሰቢያ አለ፤ ብክለቱ እጅግ ከፍተኛ ከሆነ ወደ 2 ሜትር መጠጋቱም ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም ይላል። እኔ እንዲህ ያለ በጀት ይዤ ስብሰባ ብገባ በር ያስዘጉብኛል። ግማሽ ሜትር ነው ወይስ ሁለት ሜትር?

ሰፊው ልዩነት የመጣው ከስንፍና አይደለም። በግሪንላንድ ያለው በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ወደ 7 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ የአንታርክቲካው ደግሞ 58 ሜትር ገደማ። ይህን የሚያህል ነገር ላብራቶሪ ውስጥ አስገብቶ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ በኮምፒውተር ውስጥ አምሳያውን ይሠራሉ። በረዶ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንደ ወፍራም ማር በዝግታ ይፈስሳል። የሚገርመው ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ በሚጠቀሙበት ቀመር የሚጫነው ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚፈስስበት ፍጥነት እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ የተሳሳተ ግምት እዚያ ላይ ትልቅ ስህተት ሆና ትወጣለች።

ዓይናችን የሚያየው ከላይ የሚቀልጠውን ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ብዙ የሚወስነው ግን ከሥር ያለው ነው። በረዶው የተኛው በደረቅ አለት ላይ ነው ወይስ በረጠበ ጭቃ ላይ? አለት ከሆነ ይይዘዋል፤ ጭቃ ከሆነ ያንሸራትተዋል። ጭቃው ያለው ግን በአንዳንድ ቦታ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር በረዶ በታች ነው። ሄዶ የሚነካው የለም። ስለዚህ ግምቱን እየቀያየሩ ሞዴሉን መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ያስኬዱታል። አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙውን አንድ ላይም ይቀይራሉ፤ እንደ እናቴ የክረምት ሊጥ፣ ግምቶቹ ተያይዘው የሚያመጡት ለየብቻ ከሚያመጡት ይለያልና።

ይህ ሥራ ትልልቅ ትንበያዎችን ሳይቀር ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ ባሕር ዳር የቆሙ ረጃጅም የበረዶ ገደሎች በራሳቸው ክብደት ሊደረመሱ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ሞዴሉ ውስጥ አስገብቶ፣ አንታርክቲካ ብቻዋን በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአንድ ሜትር በላይ ልትጨምር እንደምትችል አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊቷ ታምሲን ኤድዋርድስ ከባልደረቦቿ ጋር ያንኑ ሥራ እንደገና መረመረች። የገደሉ መደርመስ ባይካተትም ሞዴሉ ያለፈውን ዘመን ሊያስረዳ ይችላል፤ ሲወጣ ደግሞ ትንበያው በጣም ዝቅ ይላል። አንድ ግምት ገብታ ስትወጣ የዓለም የወደብ ከተሞች ዕጣ ይቀያየራል ማለት ነው። ኤድዋርድስ «አትጨነቁ» አላለችም። ያሳየችው ጭንቀታችን የቱ ቁጥር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ ወደ ባሌ ልውሰዳችሁ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ ለማየት የምንሄድበት፣ አንድ ጊዜ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ግግሩ ገፍቶ የተዋቸውን ድንጋዮች ዕድሜ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳተሙት፣ የባሌ በረዶ እጅግ የተስፋፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ያነሰ ነበር። የሚደንቀው፣ ይህ የሆነው የዓለም በረዶ በአጠቃላይ ከፍተኛው ደረጃ ከመድረሱ በፊት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችም እርስ በርሳቸው አልተመሳሰሉም። ሙቀት ብቻውን አልነበረም የሚወስነው፤ ዝናቡም፣ የተራራው አቀማመጥም በየቦታው የራሱ ድርሻ ነበረው። ለአንዱ ተራራ ዋናው ቁጥር ለሌላው ዋና አይደለም።

ደግሞም ሰው ነበረበት። ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የባሌ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከራሳቸው በላይ በረዶ ተጋግሮ እሳት ያነደዱ አባቶችና እናቶች ነበሩን ማለት ነው። የትኛው ሸለቆ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ምግብ እንደማይጎድል ሳያውቁ እዚያ መክረም አይቻልም ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያነበብኩት በሰላም ጊዜ አልነበረምና። ጀሞ የተከራየነውን ኮንዶሚኒየም ባለቤቱ ሊሸጡት ፈለጉ፤ ቅድሚያውን ለእኛ ሰጥተው እስከ መስከረም ጊዜ ሰጡን። ወንድሜ ከቅድመ ክፍያው የተወሰነውን ሊያበድረን ቃል ገባ። የቀረው የባንክ ብድር ነው። ቤታችን ውስጥ በየምሽቱ የሚወራው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከጀሞ ሜክሲኮ ስላለው የታክሲ ሂሳብ ሆነ። ሁሉም የሚታይ ነገር ነው፤ ከላይ የሚቀልጠው በረዶ።

አንድ እሑድ ልጃችን ከተኛች በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ ኤክሴል ላይ አስቀመጥኩት። ጤፍ በ20 በመቶ ቢጨምርስ? ወገብ ያጠብቃል እንጂ አይጥልም። የትምህርት ቤት ክፍያስ? ያማል፣ ግን ያልፋል። ከዚያ እጄ ወደ አንድ ሳጥን ሄዶ ቆመ። ባለቤቴ የሚሠራው በፕሮጀክት ኮንትራት ነው፤ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ወሬውን እሱም አያነሳውም፣ እኔም አላነሳበትም፤ ለመከባበር ብለን። ቀና ብዬ አየሁት። «አስገቢው» አለኝ። አስገባሁት። ኮንትራቱ ባይታደስ ቁጠባችን አምስት ወር ነበር የሚያቆየን። ጤፉና የትምህርት ቤቱ ክፍያ አብረው ከጨመሩ አራት ወር እንኳ አይሞላም።

ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ባለቤቴ የሚፈራውን ሁሉ፣ ለወራት በሆዱ ይዞት የኖረውን፣ እየተረጋጋ ነገረኝ። ያ ምሽት በትዳራችን ውስጥ ካየኋቸው ጥሩ ምሽቶች አንዱ ነው ብል አታምኑኝም ይሆናል። ቁጥሩ ቤቱን ግዙ ወይም አትግዙ አላለንም። ከሥራችን ያለው አለት ይሁን ጭቃ ሳናውቅ ላዩን ስናሰላ መኖር እንደማይገባን ግን ነገረን።

በማግሥቱ ለባለቤቱ ደወልን፤ የኮንትራቱ መልስ እስኪመጣ አንድ ወር እንዲጨምሩልን ለመንናቸው። «እናንተ ልጆች ደግ ተከራዮች ናችሁ» ብለው እስከ ጥቅምት አራዘሙልን። ባለቤቴ በሌላ መሥሪያ ቤትም ማመልከት ጀምሯል። ስለ ጤፍ መጨቃጨቅ ቀንሰናል።

እናንተም ትልቅ ውሳኔ ፊታችሁ ካለ፣ ኤክሴል ባይኖራችሁ የልጅ ደብተር ይበቃል። የተመካችሁባቸውን አምስት ግምቶች ጻፉ፤ አንድ በአንድ አነቃንቋቸው፤ ቀጥሎም ሁለቱን አንድ ላይ። በተለይ ማንም በቤት ውስጥ ስሙን የማያነሳውን አትዝለሉት።

ለወንድሜም መልስ ሰጥቼዋለሁ። «ስንት ሜትር እንደሚሆን ገና በአንድ ቁጥር የሚናገር የለም፤» አልኩት፣ «አንዱ ቁጥር ግን ከበረዶው ሥር ነው፣ ሌላው ደግሞ በሰው እጅ ነው፤ ምን ያህል እንደምናቃጥል።» ትንሽ ዝም ብሎ አሰበና «እንግዲያው የኔ መኪናም ቁጥሩ ውስጥ አለችበታ» አለኝ። አለችበት።