«ቲቸር፣ እርስዎ አይተዋል?»

መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ነገ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የደርግ ዘመን ቀይ ሽብር ላይ እንገባለን። የመማሪያ መጽሐፉ በጥቂት አንቀጾች ያልፈዋል። ልጆቹም ኢሕአፓ፣ መኢሶን፣ ደርግ እያሉ የድርጅቶቹን ስም እንደ እግር ኳስ ቡድን ይሸመድዱና ፈተናው ላይ ማን ከማን እንደተጣላ ይጽፋሉ።

ዘንድሮ ከቀበሌ ልጀምር ብያለሁ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ የተቋቋመው አነስተኛውን የቤት ኪራይ እንዲሰበስብና የጎረቤት ጠብ እንዲዳኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠመንጃ ታጥቆ፣ እስር ቤት ከፍቶ አገኘነው። በመጋቢት 1969 አሰሳ ቤት ለቤት ሲዞሩ ከነበሩት መካከል የማን ልጅ እንደሚያመሽ፣ ማን መጽሐፍ እንደሚያበዛ የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ይህን ካልያዙ የቀረው አይገባቸውም።

መጋቢት 4

ያው የየዓመቱ ጥያቄ መጣ። «ቲቸር፣ እርስዎ አይተዋል?»

ስድስት ሰባት ዓመቴ ነበር አልኳቸው። እናቴ የታላቅ ወንድሜን ወረቀቶች ምጣድ ሥር እየማገደች እንጀራ ስትጋግር አይቻለሁ። ወረቀት እንደ ጭራሮ አይረጋም፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። የዚያን ቀን እንጀራ ዓይን አላወጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም ነበር፤ ያን ቀን ዝም ብሎ በላ።

ስለ ጎረቤታችንም ነገርኳቸው። ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ ለቅሶ አያመልጣትም። የማታውቀው ሰው እንኳ ቢሞት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፤ ከባለ ሐዘኖቹ ብሳ ደረቷን ትደቃለች። እኔ ለቅሶ የምትወድ ሴት ትመስለኝ ነበር። ልጇ ተረሽኖ መንገድ ዳር ተጥሎ ማደሩን፣ እንዳታለቅስለት፣ ድንኳን እንዳትጥል፣ ጥቁር እንዳትለብስ መከልከሏን የሰማሁት ኋላ ነው። የሷን ለቅሶ በሰው ሬሳ ላይ ስትወጣው ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ለልጇ እንደምታለቅስ በምን አወቁ?»

እናቴ ነገረችኝ።

«መቼ?»

ደርግ ከወደቀ በኋላ።

«እንግዲያው እርስዎ ያዩት ለቅሶ የምትወድ ሴት ነው። ሌላው የእናትዎ ምስክርነት ነው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምንጭ ይመርመር እያልኩ ስሰብክ የኖርኩትን እኔው ላይ አዋለችው። ሰሌዳውን በሦስት ዐምድ ከፈልነው፤ ሕፃኗ እኔ ያየሁት፣ አዋቂዎች የነገሩኝ፣ በወረቀት ያለ። ለሦስተኛው ዐምድ ከታኅሣሥ 1987 እስከ ታኅሣሥ 1999 የተጓዘውን የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት አነሳሁ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በማስረጃነት ካቀረባቸው ብዙዎቹ የደርግ የራሱ ሰነዶች ነበሩ፤ የግድያ ትእዛዝ ሳይቀር ከነፊርማው። ገዳዮቹ መዝገብ አያያዛቸው ጥሩ ነበር።

መጋቢት 9

ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ ብዬ ነበር። አብዛኞቹ «ተወው ልጄ» የሚል መልስ ይዘው መጡ። አንድ ልጅ ግን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ሁለት ገጽ ሰጠኝ። አያቱ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበሩ። የቀበሌያቸው ሊቀመንበር በራፉ ላይ መገደሉን፣ ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ጠመንጃ ተሰጥቷቸው ሌሊት ይወጡ እንደነበር ነግረውታል። ሌሊት ወጥተው ያደረጉትን ግን አልነገሩትም። ስማቸውን ሳልጠራ ላንብበው ወይ አልኩት። አሰበና እሺ አለ።

መጋቢት 10

አነበብኩት፤ ክፍሉ ተንጫጫ። አጎቷ የተገደለባት ልጅ፣ ሰውዬው ራሱን ነጻ እያወጣ ነው አለች። ሌላው ኢሕአፓም ገድሏል ብሎ ተነሳ። ገድሏል። በመስከረም 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ተተኮሰ፤ ብዙም ሳይቆይ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ቀበሌ ሲታጠቅ ሲደግፍ የነበረው መኢሶንም በነሐሴ 1969 ከደርግ ሲለያይ ያው ጠመንጃ ዞረበት።

ይህን ሁሉ አስተምራለሁ። «ሁለቱም ወገን አጥፍቷል» ተብሎ ደብተር ሲዘጋ ግን አልወድም። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ወህኒ ቤት ያለው መንግሥት እስረኛ ተማሪ ሌሊት አውጥቶ ገድሎ፣ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ላይ ጣለው። የጣለው እኛ እንድናየው ነው። ከማንም ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም፤ ይህን ለክፍሉም ነገርኩ።

ጸሐፊው ልጅ አንገቱን እንደደፋ ዋለ። ሲወጣ ግን አጎቷ የተገደለባት ልጅ ወረቀቱን ለማንበብ ለመነችው።

መጋቢት 14

መስቀል አደባባይ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም። ከመግባታችን በፊት አደባባዩን አሳየኋቸው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች እየወረወረ የሰበረበት። ልጆቹ የት ጋ ቆሞ ነው እያሉ ቦታውን ይፈልጋሉ። ውስጥ፣ ከራስ ቅሎቹ ይልቅ የያዟቸው የሟቾቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። የነሱ እኩዮች፣ አፍሮ ያበጠሩ።

ስንወጣ ያ የሁለት ገጹ ልጅ አጠገቤ መጣ። «አምና የተዘጋው የማዕከላዊ እስር ቤት፣ ያው የደርጉ ማዕከላዊ ነው?»

ነው አልኩት።

«ታዲያ ደርግ ከወደቀ፣ ከ1983 በኋላ እዚያ የታሰሩት በየትኛው ምዕራፍ ነው ያሉት?»

በመጽሐፋችን የሉም። ሰዎቹ ግን አሉ፤ ብዙዎቹ እዚሁ ከተማ ናቸው። ሰኞ ሦስቱን ዐምዶች አስምሮ፣ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጽፎ እንዲመጣ ነገርኩት። ለርዕሰ መምህሩ ምን እንደምል ደግሞ እስከ ሰኞ አስባለሁ።