0.7 በመቶ

«ፌስቡክ እኮ ጥላቻ ብቻ ሆነ» የማይል ሰው አላውቅም። ቁጭ ብሎ የቆጠረው ግን ጥቂት ነው። ከቆጠሩት አንዱ ኢጊኒዮ ጋሊያርዶኔ የተባለ ጣሊያናዊ የኮሙኒኬሽን ምሁር ነው።

ሰውየው የጀመረው ከጥላቻ ንግግር አይደለም። የዶክትሬት ጥናቱን ለንደን ሲሠራ ርዕሱ የመንግሥት መረቦች የሆኑት ወረዳኔትና ስኩልኔት ነበሩ (በፕላዝማ የተማራችሁ ሁለተኛውን ታውቁታላችሁ)። መንግሥት ቴክኖሎጂውን ለራሱ ፖለቲካ እንዴት አድርጎ እንደቀረጸው ካጠና በኋላ ነው ወደ ሕዝቡ ንግግር የዞረው። ይህ ቅደም ተከተል የጠቀመው ይመስለኛል። «ጥላቻ» የሚለው ክስ በባለሥልጣን እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቀድሞ ገብቶታል።

«መቻቻል» የተባለውን ጥናት ከኦክስፎርድና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ነው የሠራው። የ2007ቱን ምርጫ ሰሞን ጨምሮ ከ13 ሺህ በላይ የፌስቡክ ጽሑፎችንና አስተያየቶችን መረመሩ። እኔን የሳበኝ አሠራራቸው ነው። እያንዳንዱን አስተያየት ሲያነቡ «ይሄ ጥላቻ ነው?» ብለው አልጀመሩም። መጀመሪያ የጠየቁት አስተያየቱ የዋናው ጽሑፍ ባለቤት ካለው ሐሳብ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቃወማል የሚለውን ነው። የሚቃወመውን ለብቻ አውጥተው፣ ከዚያ ውስጥ ጠላትነት ያለበትን፣ ከዚያም ጥላቻ የሚባለውን ለዩ። ተቃውሞ በራሱ ጤነኛ ነገር መሆኑን ከመነሻው ተቀብለዋል። በ2008 ውጤቱ ሲወጣ የጥላቻ ንግግሩ ድርሻ 0.7 በመቶ ሆነ።

ይህን ቁጥር ይዞ «ያን ያህልም አልነበረም» ብሎ መተኛት ግን አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ያየነውን አይተናል። ድርሻው ማነሱ ጉዳቱ ማነሱን አያሳይም። አሜሪካዊቷ ሱዛን ቤኔሽ አደገኛ ንግግርን ስታጠና የምትጠይቀው ማን እንደተናገረ፣ ለማን፣ ምን፣ በምን ዓይነት ጊዜና በየትኛው መንገድ እንደሆነ ነው። ተከታይ የሌለው ልጅ የጻፈው ስድብና ሰው የሚሰማው ተናጋሪ በግርግር ሰሞን የጣለው አንድ ዓረፍተ ነገር እኩል አይመዘኑም።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። በእኔ እይታ ትልቁ ድክመቱ የተናጋሪውን ጉልበት በበቂ አለመመዘኑ ነው። ከባዱ ቅጣት የሚመጣውም ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ያን ጊዜ የፌስቡክ ገጾችን በስፋት መመርመር ዛሬ ካለው ይልቅ ይቀል ነበር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ፣ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መከታተያ መሣሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን መምህራን፣ እባካችሁ፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛም ጭምር ይሁን፤ ቀጣዩ ምርጫ ሲደርስ ሳይሆን ከአሁኑ።