ጠብቆም ላልቶም የሚነበብ ሰው

የእህቴ ልጅ ማንበብ የጀመረች ሰሞን ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተለጠፈውን «ጌታ ያድናል» የሚል ጽሑፍ አየችና «ድ»ን አጥብቃ አነበበችው። ወዲያው «ምን ያድናል? አንበሳ?» አለች። ረዳቱ ሳቀ፤ እናቷ አፈረች። ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚገድል፣ ላልቶ ሲነበብ ከሞት የሚያወጣ፤ ሲጻፍ ሁለቱም «አዳኝ» ናቸው።

ያን ቀን ትዝ ያለኝ ሩፐርት ፎዘርጊል ነው። በደቡብ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበር። ዕድሜውን ጫካ ውስጥ የፈጀ ሰው ነው፤ ስሙን ያስጠራው ሥራ ግን የተሠራው ውሃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ የካሪባ ግድብ የዛምቤዚን ወንዝ ዘጋው። ከ128 ሜትሩ ግንብ ኋላ ውሃው ሸለቆውን እየሞላ ሲመጣ ኮረብታዎቹ ደሴት ሆኑ። እንስሳቱ ወደ ከፍታ ሸሹ፤ ከፍታው ግን በየቀኑ ይጠብባል። ሣሩ ሲያልቅ የዛፍ ቅርፊት መላጥ ጀመሩ። እስከ 1964 የዘለቀው እነሱን የማውጣት ሥራ «ኦፕሬሽን ኖኅ» ተባለ። ስሙ ትንሽ ይሸነግላል። የኖኅ እንስሳት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በእግራቸው ወደ መርከቡ ገብተዋል፤ ወደ ፎዘርጊል ጀልባ ግን በፈቃዱ የገባ የለም።

ድኩላውን በመረብ መያዝ፣ ወይም ከደሴቱ ወደ ውሃ አባርሮ በጀልባ መከተል፣ ቀንዱን ወይም ጅራቱን ጨብጦ ማንሳት፣ ከዚያ እግሩን ማሰር ነው። ከሩቅ ለሚያይ ይሄ አደን ነው፤ ለድኩላውም እንደዚያው። ችግሩ ገመዱ ላይ ነበር። እንስሳው በተፍጨረጨረ ቁጥር ገመዱ ቆዳውን ይልጠዋል። መፍትሔው የተገኘው ከሴቶች ቁም ሳጥን ነው፤ ያረጀ የናይለን ስቶኪንግ ተገምዶ ሲታሰርበት ይለጠጣል እንጂ አይቆርጥም። ለሕዝቡ ጥሪ ተደረገና ሴቶች ያረጀ ስቶኪንጋቸውን ላኩ። እናቴ ክሩ የተመዘዘ ስቶኪንጓን በጥፍር ቀለም ነጥብ ስታቆመው አይቻለሁ፤ ያ ስስ ነገር ከርከሮ ያስራል ብላችሁ ብትነግሯት የምትስቅባችሁ ይመስለኛል።

ዝሆን ዋናተኛ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም፤ ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ይሻገራል። አውራሪስን ማደንዘዣ ወግተው በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ጭነው ወሰዱት። እባብ ሳይቀር ተለቅሟል። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ እንስሳት ወጥተው ብዙዎቹ ዛሬ ማቱሳዶና ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ዳርቻ ተለቀቁ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። ያው ውሃ 57,000 ያህል የቶንጋ ሰዎችን ከአባቶቻቸው መቃብርና ከወንዝ ዳር እርሻቸው አስነቅሏል። እነሱ በካሚዮን ተጫኑ። በሰሜኑ ዳርቻ «አንነሳም» ባሉት ላይ ፖሊስ ተኩሶ 8 ሰው ገደለ። ለድኩላ እግር የታሰበለትን ልስላሴ ሳነብ እነዚያን ሰዎች መርሳት አልችልም። ግድቡን የወሰነው ፎዘርጊል አይደለም፤ እሱ የደረሰው ውሃው ከመጣ በኋላ ነው። ቢሆንም ከቶንጋዎቹ ወገን ለሚቆጥር ሰው ይሄ መልስ እንደማይበቃው ይገባኛል።

ደጋግሜ የማስበው ግን የመልቀቂያዋን ቅጽበት ነው። ቋጠሮው ይፈታል፤ እንስሳው ጥቂት ይንገዳገዳል፤ ከዚያ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ይሮጣል። ከማን እንደሚሮጥ የታወቀ ነው፤ ከፈታው ሰው። የዳነው ድኩላ የሚያውቀው ጠብቆ የሚነበበውን አዳኝ ብቻ ነው። ፎዘርጊልም ይህን አያጣውም ነበር፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ጀልባው ላይ ይወጣል።

በ1975 ሞተ። ከሐይቁ ደሴቶች አንዱ በስሙ ይጠራል። ደሴት መባሉም እንደ ወቅቱ ነው፤ የካሪባ ውሃ ሲጎድል ከየብሱ ጋር ይገጥምና እንስሳቱ ማንም ሳይዛቸው በእግራቸው ይሻገራሉ።