«አንቺ ስለ ኮምፒዩተር ምን ታውቂያለሽ?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ቃል የወረወረብኝ ባላንጣዬ እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ነው! እኔ ትምህርቴን 12ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እሱ ደግሞ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ፣ የቤታችን ተስፋ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የራሱን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋና ቋንቋውን የሚያስፈጽም «ኢንተርፕሬተር» መሥራት ነበር። ትእዛዞቹ ሁሉ በአማርኛ ናቸው፤ «አሳይ»፣ «ከሆነ»፣ «ድገም»። ኢንተርፕሬተር ማለት በሰውና በማሽኑ መሀል ቆሞ፣ የተጻፈለትን እያነበበ እዚያው በዚያው የሚፈጽም አስተርጓሚ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በቃላት በቃላት ይከትፈዋል። ከዚያ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ለይቶ እንደ ዛፍ ያያይዘዋል። በመጨረሻ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ተነስቶ እያሰላ ወደ ግንዱ ይወርዳል። 2 ሲደመር 3 ሲባዛ በ4 ስትሉት 20 ሳይሆን 14 የሚላችሁ ማባዛቱን ጫፉ ላይ ስለሚሰቅለው ነው።

ታዲያ ማስረከቢያው 2 ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ያለቀለት ፕሮጀክት የሚሸጡ ልጆች አሉና 8,000 ብር ስጪኝ አይለኝም መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። «ያልሠራኸውን ይዘህ መምህሩ ፊት ስትቆም ምን ልትል ነው?» አልኩት። ያቺን ቃል የተናገረኝ ያኔ ነው። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ ብል አልዋሸሁም። (ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ እኮ!)

በማግስቱ ገንዘቡን ከለከልኩት፤ ግን ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «እስቲ የደረስክበትን አሳየኝ» አልኩና የቀን ወጪዬን ጻፍኩለት። 100 ብር ይዤ ወጣሁ፣ 30 ለታክሲ፣ 20 ለሻይ። 100 ሲቀነስ 30 ሲቀነስ 20። ማሽኑ 90 አለ!

«ውይ! 40 ብር መረቀልኝ!» ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ለካስ ፕሮግራሙ የመቀነስ ምልክት ሲያገኝ፣ በስተቀኝ የቀረውን ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሰላ ራሱን መልሶ ይጠራ ኖሯል። 30 ሲቀነስ 20፣ 10 ሆነ፤ 100 ሲቀነስ 10 ደግሞ 90። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲሞክር የነበረው በሁለት ቁጥር ብቻ ስለነበር ስህተቱን አላየውም። ከግራ ተነስቶ የደረሰበትን ውጤት እየያዘ እንዲሄድ እስኪያስተካክለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። 50 የምትለዋ ቁጥር ብቅ ስትል የጮኽነው ጩኸት እማዬን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሂሳብ» ብዬ የሰየምኩትን ቆይቼ «ሒሳብ» ብዬ ብጽፈው «አላውቀውም» አለኝ። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ ጨርሶ አይተዋወቁም። ወንድሜ ሞክሼ ፊደሎቹን ሁሉ ገና ሲከትፋቸው ወደ አንድ እንዲያመጣቸው አደረገ።

በዚያው ሰሞን አንድ ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆን ማካርቲ የተባለው አሜሪካዊ ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ ሲነድፍ፣ ቋንቋው ራሱን እንዴት እንደሚተረጉም የሚያሳይ ቀመር ጽፎ ነበር። እንዲነበብ እንጂ ማሽን ላይ እንዲሠራ አላሰበውም። ስቲቭ ራስል የተባለ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ግን ቀመሩን ወደ ማሽን ቋንቋ ለወጠውና የመጀመሪያውን የሊስፕ ኢንተርፕሬተር ሠራ። እንግዲህ ፕሮጀክት ለመግዛት ብር የምታጠራቅሙ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የቤታችሁን ሰው አስቀምጣችሁ አስሞክሩት። ሻይ ብቻ ነው የሚያስወጣችሁ።

መምህሩ የመቀነሱን ነገር ሲጠይቀው ወንድሜ «100 ብር ይዛ ከቤት የወጣች አንዲት ሴት ነበረች» ብሎ ጀመረ አሉ። ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። ባለፈው እሁድ የዕቁቤን ደብተር ከእጄ ነጥቆ በራሱ ቋንቋ ሊያሰላልኝ ተቀመጠ። እኔም ሆን ብዬ አንዱን «ሂሳብ»፣ አንዱን «ሒሳብ» እያልኩ ጻፍኩለት።